ረጃጅሞቹ ስፒከሮችና የእማዬ ጆሮ

ውድ እማዬ፣

ከተለየሽን ዓመት ከሦስት ሳምንት ሆነ። ሙት ዓመትሽን በደኅና አወጣን። ጠላው አልቆመጠጠም፣ ሳይበላ የሄደ እንግዳም የለም፤ ካህናቱም አንቺ እንደምትወጂው ጸሎቱን ሳይጣደፉ አደረሱ። ይህን ሁሉ የማስቀድመው ዋናውን ነገር ለማዘግየት መሆኑ ይገባሻል። በልጅነቴም ብርጭቆ ሰብሬ ስመጣ ወሬ የምጀምረው ከጎረቤት ደኅንነት ነበር። ዛሬ የምጽፍልሽ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው። ነገሩ ስለ ስፒከሮቹ ነው።

ከዚያ በፊት ትንሽ የቤት ወሬ። ሰብለ ደኅና ናት። ሚስቴ ናት ከምል ልጅሽ ናት ብል ይቀላል፤ በሞትሽ ከእኔ ይልቅ ያለቀሰችው እሷ ናት። በወጉ መሠረት ዓመቱን ሙሉ በቤታችን ዘፈን አልተከፈተም፤ ሦስቱም ጥንድ ስፒከሮች ሳሎኑን እንደያዙ ዝም ብለው ከረሙ። ለቅሶ ሊደርስ የመጣ አንድ ሰው ስድስቱን ሳጥን ሲያይ አከራይ መስዬው ኖሮ፣ እዝኑን ከበላ በኋላ ጠጋ ብሎ ለጥር ሠርግ ያዝልኝ አለኝ። አንቺ ብትኖሪ ሳምንት ትስቂበት ነበር። ሰብለ ግን አልሳቀችም። ዓመቱ ሲያልፍ አንድ ጥንድ ብቻ ሳሎን ይቀራል፣ ለሌላው ቦታ ይፈለግለታል ብላ ቆረጠች። እውነቷን ነው፤ እግር መዘርጊያ አልነበረም።

የትኛው ይቅር የሚለው ነው ጭንቁ። እንዲህ ያለውን ነገር የምትፈርጂው አንቺ ነበርሽ።

የዘጌ መሪጌታ ልጅ ነሽ። አባትሽ ሲያዜሙ እየሰማሽ ስላደግሽ ጆሮሽ ቀልድ አያውቅም። በነጠላሽ ዓይንሽን ሸፍኜ ሶፋው መካከል አስቀምጥሽና አንዱን የማኅሌት ቅጂ ያኔ በነበሩን ሁለት ጥንዶች በየተራ አሰማሽ ነበር። የትኛው የትኛው እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አልተሳሳትሽም። መደርደሪያው ላይ ያሉትን ትንንሾቹን፣ እውነተኞች ናቸው ግን ገና ልጆች ናቸው ትያቸው ነበር። አባቴ ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ አገር መምህር የገዛቸውን፣ ፊታቸው ጨርቅ የለበሰውን የእንጨት ስፒከሮች ደግሞ፣ እነዚህ ሽማግሌዎች ናቸው፣ ያልሰሙትን አይናገሩም ብለሽ አከበርሻቸው። አክብሮትሽም ዳንቴል አልብሶ የፕላስቲክ አበባ እስከማስቀመጥ ደረሰ። ዳንቴሉ ቀጭኑን ድምፅ ያፍናል ብዬ ባነሣው፣ ከሥራ ስመለስ ተመልሶ ቦታው ላይ አገኘዋለሁ። በዚህ ጉዳይ ለዓመታት ተሟግተን የተሸነፍሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ረጃጅሞቹ መጡ። ከአዲስ አበባ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በአውቶቡስ ያመጣኋቸው፣ ዓባይ በረሃን ስንወርድ በሁለት እጄ ያቀፍኋቸው። ልብሴን እንኳ ሳልቀይር በጥድፊያ አገናኝቼ ያንኑ የማኅሌት ቅጂ ከፈትሁ። ድምፁ ሳሎኑን ሞላ ብዬ ስኮራ፣ አንቺ ጭልፋሽን እንደያዝሽ ከወጥ ቤት መጥተሽ በሩ ላይ ቆምሽ። ግንባርሽ ወዲያው ተቋጠረ። "ከበሮው ሆድ የለውም" አልሽ። ቀጥለሽም መሪው የት እንደቆመ አይታወቅም፣ ድምፁ ከግድግዳው ነው የሚመጣው አልሽ። ያን ያህል ለፍቼ ያመጣሁት ዕቃ በጭልፋ ሲወገዝ ደስ አላለኝም። ለሽማግሌዎቹ አድልታ ነው ብዬ አሰብሁ። ስፒከሮቹን ወዲህ ወዲያ ገፋሁ፣ ምንጣፍ አነጠፍሁ፣ መጋረጃ ጨመርሁ፤ አንቺ ግን ፍርድሽን አላነሣሽም። ሽቦውን አንድም ቀን አልነካሁትም። የገዛ እጄ ሥራ ነዋ።

ቀጥሎ ያደረግሁትን ስጽፈው እንኳ አፍራለሁ። ዕድሜ ነው፣ ጆሮዋ ደክሟል አልሁ። ለደም ግፊትሽ ነው ብዬ ዋሽቼ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰድሁሽ። ሐኪሙ መርምሮ ጆሮሽ ከእኔ ጆሮ የተሻለ ነው ሲል ፊትሽን ማየት አቃተኝ። አንቺ ግን አልተቆጣሽም። ባጃጅ ውስጥ በጣና ዳር መንገድ ስንመለስ እስከ ቤት ድረስ ሳቅሽን አላቆምሽም። "እኔን አሳየኸኝ፤ አሁን ደግሞ እነዚያን ረጃጅሞቹን ወስደህ አስመርምራቸው" አልሽኝ። ባለባጃጁ ሳይቀር ሳቀ። ያልሳቅሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ምክርሽን ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ይህ ደብዳቤ አያስፈልግም ነበር። እኔ ግን አኮረፍሁ። ከዚያ ወዲያ ፍርድሽን አልጠየቅሁሽም። ረጃጅሞቹን ስከፍት መቁጠሪያሽን ይዘሽ ወደ ክፍልሽ ትገቢያለሽ፣ በሩንም ቀስ ብለሽ ትዘጊያለሽ። አብረን ልንሰማበት የምንችለውን የመጨረሻውን ዓመት በኩርፊያ አባከንሁት። ይህ ያንገበግበኛል፣ እማዬ።

እንግዲህ ስሚኝ። ለሙት ዓመትሽ እንግዳ የሚቀመጥበት ስንፈልግ ስፒከሮቹን ሁሉ ነቅለን ጓዳ አስገባናቸው። በማግሥቱ የዘጌ ዘመዶቻችንን ጀልባ ላሳፍር ስወርድ፣ ሰብለ ሳሎኑን ስታሰናዳ ረጃጅሞቹን ራሷ አገናኝታ ጠበቀችኝ። ዓመቱ አልፏልና ያንን የማኅሌት ቅጂ ከፈትሁ። ከበሮው መጥቶ ደረቴን መታኝ። መሪው በሁለቱ ስፒከሮች መካከል ቆሟል፤ እጄን ብዘረጋ የምነካው መሰለኝ። የመጀመሪያ ሐሳቤ ምን እንደነበር ልንገርሽ? ሰብለ አበላሽታዋለች አልሁ። የለመድሁት ድምፅ ይህ አይደለማ። ላስተካክል ከኋላ ተንበርክኬ ባይ፣ ቀዩ ሽቦ በቀዩ፣ ጥቁሩም በጥቁሩ በኩል ገብቷል። የግራውን አገላብጬ ብሞክረው የድሮው ድምፅ ተመለሰ። ከበሮው ሆዱን አጣ፣ መሪውም ግድግዳ ውስጥ ገባ። ያኔ ገባኝ። የመጡ ዕለት በጥድፊያ የግራውን ያገላበጥሁት እኔ ነኝ።

አንዱ ስፒከር ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ይስብ ነበር። እንዲህ ሲሆን ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ መሃል መቆም ያለበትም ይበተናል። ይህን ኮሌጅ ውስጥ ለተማሪዎች የማስተምረው ማን መሰለሽ? እኔው ነኝ። የኤሌክትሪክ መምህር ሆኜ ሽቦዬን ሳላይ እናቴን ሐኪም ዘንድ ወሰድሁ። ሰብለን እንዴት እንዳወቀች ብጠይቃት፣ ቀዩን ከቀዩ ለማገናኘት ምን ማወቅ ያስፈልጋል ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ውሳኔዋ ግን እንዳለ ነው፤ አንድ ጥንድ ብቻ። እሑድ ዕለት ነጠላሽን አውጥታ ዓይኔን ሸፈነችኝና አንቺ ትቀመጪበት በነበረው ቦታ አስቀምጣ ሦስቱንም አሰማችኝ። በነጠላው ሥር ትንሽ አለቀስሁ፤ አይታ እንዳላየች ሆነች። ሽማግሌዎቹን መምረጥ እንዴት እንደተመኘሁ አትጠይቂኝ። አንቺ የመረጥሻቸው ናቸው። ነገር ግን ሽቦአቸው የተስተካከለው ረጃጅሞቹ በለጡ። አንቺ ደግሞ በድምፅ ነገር ፊት አይተሽ አታደዪም ነበር፤ የገዛ ወንድምሽ ሲያዜም እንኳ ዛሬ ወረደ ትዪ ነበር። ለአንቺ ስል ብዋሽ አንቺኑ መካድ ይሆንብኛል። ስለዚህ ረጃጅሞቹ ቀሩ። ትንንሾቹን ሰብለ ወጥ ቤት ወሰደቻቸው። ሽማግሌዎቹ ከነዳንቴላቸው በጀልባ ተሻግረው ዘጌ ታናሽ እኅትሽ ዘንድ ገቡ፤ አበባውም በማግሥቱ እንደተጨመረላቸው ሰማሁ። ረጃጅሞቹን ተስተካክለው አንድ ቀን ሳትሰሚያቸው መሄድሽ ብቻ ነው የማይካሰው።

በዚህ ሳምንት ኮሌጅ ውስጥ ሁለት ስፒከሮች ሆን ብዬ አገላብጬ አገናኝቼ ለተማሪዎቼ ከፈትሁላቸው። ማንም አላወቀም፤ እንዲያውም አንዱ ጥራቱን አደነቀ። ያን ጊዜ ያጠፋሁትን ሁሉ ሳላስቀር ነገርኋቸው። ሳቁብኝ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። በየዓመቱ ይህ ትምህርት ሲደርስ እንዲሁ አደርጋለሁ፤ ስምሽንም ከነአባትሽ ስም እጠራለሁ። በቁምሽ፣ ሶፋው ላይ አጠገብሽ ተቀምጬ ልነግርሽ ይገባኝ የነበረውን ቃል፣ አንቺን ለማያውቁ ልጆች እየነገርሁ እኖራለሁ፤ እናቴ ልክ ነበረች።

ልጅሽ