የወረስነው ቦታ

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ በየነ ጉግሳ፤

እንዴት ሰነበቱልኝ አባባ? እንቅልፍዎ፣ ምግብዎ፣ ያ ጉልበትዎ እንዴት ነው? እህቴ እትዬ ሸዋረገድ የምታመጣልዎትን መድኃኒት ይውጣሉ ወይስ አሁንም ከትራስ ሥር ይደብቃሉ? እኔም፣ ባርናባስም፣ ልጆቻችንም እግዚአብሔር ይመስገን ለጤናችን ደኅና ነን። ልቤ ግን ደኅና አይደለም። ነቢዩ ወንድሜ፣ መነጽሩን የሚያደርጉት አባባ ቢሆኑም አንባቢው አንተ ነህና፣ ይህን ጎረቤት በሌለበት አንብብላቸው።

ባለፈው «መንግሥት ቦታ ሰጥቶን ቤት ሊሠራልን ነው» ብዬ ስጽፍልዎ የላኩልኝ ምርቃት ደርሶኛል። ባርናባስ ለልጆቹ ሁለት ጊዜ አነበበላቸው። ነገሩ እንዲህ ነበር። ከዳላስ ወደ ደቡብ ወረድ ብላ ያለች አንዲት ትንሽ ከተማ ባዶ ቦታዎቿን ለአንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት በነጻ ሰጠች፤ ድርጅቱም ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ እንደ እኛ ላሉ ሰዎች በርካሽ ቤት ይሠራል። የቦታው ዋጋ ስለማይታሰብ፣ ባርናባስ በታክሲ እኔ በአየር ማረፊያ ጽዳት የምናገኘው ይበቃል ተባልን። ስማችን ሲወጣ ቸርች ውስጥ እልል ተባለልን። እዚህ ቤድፎርድ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ልጄ ሌሊሳ አሁንም ኩሽና ወለል ላይ ነው የሚተኛው፤ ደስታችንን ይገምቱት።

ቅዳሜ ዕለት ቦታውን ለማየት ሄድን። ፒካን የሚሉት፣ ፍሬው የሚበላ ትልቅ ዛፍ አለበት። ከሥሩ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት አሮጊት ጎንበስ ብለው ፍሬ ይለቅማሉ። ሚስስ ኦፓል ይባላሉ። ሲያዩን የሰው ንብረት ሲነካ እንደተያዘ ሰው ደነገጡ። ቤት የሚሠራልን እኛ ነን ስንላቸው «እንኳን ደስ ያላችሁ» አሉና፣ መኝታ ቤቱ የት እንደነበር፣ በረንዳው በየት በኩል እንደነበር በእጃቸው ያሳዩኝ ጀመር። ቤታቸው ነበር አባባ። ባላቸው ሲሞቱ የቤቱ ግብር ተጠራቀመባቸው፤ መክፈል አቃታቸው፤ ከተማዋ ወሰደችው፤ ቤቱም ፈረሰ። አሁን ከመንገዱ ማዶ የእህታቸው ልጅ ዘንድ ተጠግተው ይኖራሉ። አንድም ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ልጆች እንዳሉኝ ጠየቁኝና፣ ዛፉን እንዳናስቆርጠው ለመኑኝ፤ ልጆች ጥላውን ይወዱታል አሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እዚያ ቆሜ ያየሁት እርስዎን ነው። በሹፍርና ለፍተው ያሠሩት ቤት «ትርፍ ነው» ተብሎ ሲወሰድ ልጅ ነበርኩ፤ «ሳልሞት ወረሱኝ» ያሉት ግን ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። አቶ መዝገቡ ከነቤተሰባቸው ገቡበት። ከዚያ ወዲህ እርስዎ በዚያ መንገድ አልፈው አያውቁም፤ ገበያ ለመውጣት እንኳ በባቡር ጣቢያው በኩል ይዞራሉ። እትዬ ሸዋረገድ «ጉልበቱን የጨረሰው ያ ዙረት ነው» እያለች ትቀልድብዎታለች። የእህትዎ ልጅ ስትዳር ሠርጉ የተወረሰ ቤት ውስጥ ነው ብለው መቅረትዎንም አስታውሳለሁ። አሁን ደግሞ አንዲት ሴትዮ በቁማቸው ተወርሰው፣ ወራሾቹ እኔና ባርናባስ ሆንን።

ባርናባስን እንተወው ስለው ተቆጣ። «ጸጊ፣ ሊስን፣ ይሄ እኮ ደርግ አይደለም፣ ታክስ ነው። እኛ ሳይን ባናደርግ ነገ ሌላ ሰው ሳይን ያደርጋል። ሶ፣ ለሳቸው ምን ጠቀምናቸው?» አለኝ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ብለው ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት፤ ወለል ላይ የተኛውን ልጄን ደግሞ የወለድኩት እኔ ነኝ። ሥራ ቦታ የአውሮፕላን መቀመጫ እየጠረግሁ አለቅሳለሁ፤ ዘመድ የሞተብኝ የመሰላቸው ሰዎች ያጽናኑኛል።

ረቡዕ ዕለት ፈረምኩ።

ምርቃትዎን መልሰው ቢወስዱት አልቀየምም፤ ይህን ሳያውቁ ነው የመረቁኝ። እግዚአብሔር ፈቅዶ እዚህ ቢመጡም ደጃፌን እንደማይረግጡ አውቃለሁ። ግን አንድ ነገር ይንገሩኝ አባባ። ያን ሁሉ ዓመት በጣቢያው በኩል ሲዞሩ፣ እኛ ቤት የገቡት ሰዎች ምን ቢያደርጉልዎት ይቀልልዎት ነበር? መጥተው ቢያናግሩዎት? ወይስ ዝም ቢሉ? የሚስስ ኦፓልን በር አንኳኩቼ ምን እንደምል አላውቅም። ከእርስዎ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

እትዬ ሸዋረገድን አገላብጠው ይሳሙልኝ። ነቢዩ፣ ጉንፋንህ ለቀቀህ ወይ? ሚስትህን ሰብለወርቅንና ትንሿን ሆሳዕናን ሳምልኝ። አቶ መዝገቡ አምና ማረፋቸውን ሰምቻለሁ፤ ለቅሶ እንዳልደረስንም አውቃለሁ። ባለቤታቸው አሁንም እዚያው ቤት ካሉ፣ እርስዎን ካልከፋዎት አባባ፣ የበየነ ልጅ እግዚአብሔር ያጽናዎት ብላለች ይበሉልኝ።

ልጅዎ ጸጋ በየነ
ቤድፎርድ፣ ቴክሳስ
ጥቅምት 14 ቀን 1991 ዓ.ም.