እጅሽ ከባድ አልነበረም

ውድ ልጄ፣

ከተለየሽን ዛሬ ሁለት ወር ሞላ። ሰላሳ ዓመት ሙሉ፣ መጀመሪያ የአየር ኃይል አብራሪ፣ ኋላም የበረራ አስተማሪ ሆኜ ስንቱን ጎረምሳ «አትፍራ» ስል የኖርኩ ሰውዬ፣ ይህቺን ደብዳቤ ለመጀመር ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

የመጨረሻ የበረራ ፈተናሽን ቀን መቼም አልረሳሽውም። ፈታኝሽ እኔ መሆን አልነበረብኝም፤ ግን ሌላ ሰው አልተገኘም። ከፊት አንቺ፣ ከኋላ እኔ። የጎን ነፋሱ ክፉኛ ይገፋን ነበር። አንቺ ግን አውሮፕላኗን ቀጥ አድርገሽ አወረድሻት፤ ጎማው መሬት መንካቱን ያወቅሁት በድምፁ ብቻ ነው። እንዲያ አድርጎ የሚያሳርፍ ሰው በዕድሜዬ ያየሁት ቢበዛ ሁለት ነው።

ከወረድን በኋላ ፊትሽ በላብ ወርዝቶ፣ «እሺ አባባ፣ እንዴት ነበርኩ?» አልሽኝ።

«እጅሽ መሪው ላይ ይከብዳል። ካንቺ አብራሪ አይወጣም።»

ዋሸሁሽ።

ከፈተናሽ ሦስት ሳምንት በፊት አንድ ተማሪዬ ዓይኔ እያየ ተከስክሶ ነበር። ልብሱንና ሰዓቱን ለእናቱ ያደረስኩት እኔ ነኝ። «ጎበዝ ነው ያልከኝ አንተ አይደለህ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አንቺ ወደ ሰማይ በተነሳሽ ቁጥር እስክትወርጂ ድረስ ከሜዳው ዳር ንቅንቅ አልልም ነበር። ስለዚህ «ወድቃለች» ብዬ ፈረምኩ።

አልተከራከርሽኝም። አንጀቴን የሚበላው ይሄ ነው። «አባባ ካለ ልክ ነው» ብለሽ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ሆንሽ፤ አገባሽ፤ ወለድሽ።

ሆስፒታል ተኝተሽ ሳለ፣ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ «አባባ፣ እውነት ያን ያህል ይከብድ ነበር እጄ?» አልሽኝ። እውነቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ነርሷ መድኃኒት ይዛ ገባች። ነገ እነግራታለሁ አልኩ በሆዴ። ሌሊቱን አረፍሽ።

ትናንት ለእናትሽ ነገርኳት። ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ልጇን አራስ ሳለች እንኳ አጥባው የማታውቀው ለምን ይመስልሃል?» አለችኝ። «‹እማዬ፣ አንቺ እጠቢልኝ፤ የኔ እጅ ይከብዳል፣ እጎዳዋለሁ› እያለች እኮ ነው።»

ከዚያ ልብሷን በሻንጣ ይዛ ወደ እህቷ ቤት ሄደች። «አትሂጂ» የምልበት ምን አፍ አለኝ?

ይቅር በዪኝ አልልሽም። ቅዳሜ ልጅሽ ይመጣል። እናቱ ምን ዓይነት አብራሪ እንደነበረች እነግረዋለሁ፤ ያስቀራት ማን እንደሆነም ጭምር።

አባትሽ