የዲሹን ዳዶ የሚያላላው እጅ

ለተወደድከው ወንድሜ ለአስላክ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ያ በባሕር ማዶው ሙቀት የሚነሣብህ ራስ ምታት ለቀቀህ ወይስ አሁንም አለ? ባለቤትህ ጆዲስ ደህና ናት? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ እዚህ ደህና ነን። አባባም ደህና ናቸው፤ ብርዱ ሲገባ ዳሌያቸውን ያማቸዋል እንጂ ለሰማንያ አንድ ዓመት ሰው ምንም አይሉም። “ምነው ስልክ እያለ ደብዳቤ?” እንደምትል አውቃለሁ። ከሞባይሌ ወደ ውጭ አገር አይደወልም፤ የቤቱ ስልክ ያለው አባባ ጎን ነው፤ ጆሯቸው ደግሞ የሚደነቁረው ሥራ ሲታዘዙ ብቻ ነው።

ነገሬ የዲሹ ነገር ነው። እንደምታውቀው ከበጋው መጨረሻ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ልክ የእንግሊዝ ኳስ ሊጀምር ሲል፣ ሥዕሉ ድርግም ይላል። ሌላ ቀን አይጠፋም። ነፋስ ነው እንዳንል ነፋስ ቀን አይቆጥርም። አንተ እንዳልከኝ ኬብሉን ነቅዬ ጫፉን አየሁ፤ ውሃ አልገባበትም። የባሕሩን ጨውና የወፉን ኩስ ከዲሹ ላይ ጠረግሁ። ከደቡብ የመጣው ባለሙያማ ዲሹን አይቶ “ይሄ እኮ በጎቹን ነው የሚያየው!” ብሎ ሳቀና ቀና አደረገው። እኛ ዘንድ ሳተላይቱ ከባሕሩ ትንሽ ከፍ ብሎ ብቻ እንደሚገኝ ማን ይንገረው? የነበረውንም አጥፍቶብን ሄደ፤ በስልክ ሆነህ የመለስክልን አንተ ነህ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? እኔም ጠረጠርኩ። ማንን? ጎረቤታችንን ኦድላይፍን ነዋ! “ያ ሳህናችሁ ከወጥ ቤቴ መስኮት ባሕሩን ጋረደኝ” እያለ ስንት ዓመት አማረረ። መሰላሉም የሚቆመው በእሱ አጥር በኩል ነው። በዚያ ላይ ባለፈ ቁጥር ዲሹን ቀና ብሎ ያይና ፈገግ ይላል። ያ ፈገግታው አንጀቴን አሳረረው።

ወጥመዱን ያስተማርከኝ ደግሞ አንተው ነህ። “ከዳዶው እስከ ብረቱ በጥፍር ቀለም አንድ መስመር አስምሪ፤ መስመሩ ዳዶው ላይ ከተሰበረ የሰው እጅ ነው” አልከኝ። በቀይ ቀለም አሰመርኩ፣ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ቅዳሜ ሥዕሉ ሲጠፋ ወጥቼ ባየው መስመሩ ለሁለት ተሰብሯል። ደሜ ፈላ።

ሰኞ ሱቅ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ “እጅህን ከዲሻችን ላይ አንሣ!” አልኩት። ፊቱ ቀላ። “አንቺ ሴትዮ፣ የሰው በር ከምታንኳኪ የራስሽን ቤት ፈትሺ” አለኝ። ከዚያ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ወጥ ቤቴ ነይና ተቀመጪ። እኔ ከበጋ ጀምሮ እያየሁ ነው፤ የኔ ጉዳይ ስላልሆነ ነው ዝም ያልኩት።” ይሄ ሰውዬ ደግሞ ምን ተንኮል ጎነጎነ ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ከረምኩ። ቢሆንም ትናንት ሄድኩ።

ዋፍል ጋግሮ አቀረበልኝ፤ አልነካሁትም። ለአሥር ሩብ ጉዳይ ሲሆን የእኛ ቤት በር ተከፈተና አባባ ወጡ። ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ውርጭ የጋገረበትን መሰላል አንድ በአንድ ወጡት። ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። ከኪሳቸው የዳዶ መፍቻ አውጥተው ዳዶውን አላሉ፣ ዲሹን በመዳፋቸው ገፋ አደረጉት፣ ቀስ ብለው ወረዱ፣ ገቡ። ኦድላይፍ ፊቴን ላለማየት ወደ ባሕሩ ዞረ። ወዲያው ሞባይሌ ጮኸ። “ጉንቮር፣ ያ ነገር ደግሞ ጠፋብኝ። ልጁን ጥሪው” አሉኝ።

ምንም እንዳላየሁ ሆኜ ሄጄ ደወልኩልህ። እንደ ሁልጊዜው መሰላሉን ለእኔ አልለቅ ብለው እሳቸው ገመድ አልባውን ስልክ ይዘው መሰላሉ ላይ፣ እኔ ቴሌቪዥኑ ፊት። አንተ “ወደ ግራ ጣት ያህል፣ አሁን ጠብቁ” ትላለህ፤ በየመሃሉ እሳቸው ስለ ልጆችህ፣ ስለ ቶም ጥርስ፣ ስለ ሊና ትምህርት ቤት፣ እናንተ ዘንድ ዝናብ ስለመዝነቡ ሲጠይቁህ በመስኮቱ እሰማለሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ የሚታየው የሥዕል ጥራት ቁጥር ሰማንያ ሲገባ ወጣ ብዬ “መጣ! በቃ፣ አጥብቁት!” ብዬ ጮህኩ። አባባ ስልኩን በመዳፋቸው ከድነው አዩኝ። ከዚያ ስልኩን ወደ ጆሯቸው መልሰው “ገና ነው ትላለች” አሉህ። ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል፣ ያለ ጓንት፣ እዚያው ቆሙ።

አስላክ፣ ሥዕሉ መጥቶ ነበር።

አባባን ታውቃቸዋለህ፤ እማማ ስትቀበር እንኳ ያወሩት ስለ አየሩ ነው። ናፈቅኸኝ ማለት ከአፋቸው አይወጣም። አንተም ሌላ ጊዜ ስትደውል “ደህና ናችሁ?” “ደህና ነን” ተባብላችሁ በሁለት ደቂቃ ትዘጉታላችሁ። መሰላሉን ልደብቀው አስቤ ነበር፤ ግን ምን እንደምነጥቃቸው ሳስበው ተውኩት። ውርጩ ደግሞ ገና መጀመሩ ነው፤ አንድ ቀን ይወድቃሉ ብዬ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ኦድላይፍን ዛሬ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ ሰው ባለበት፣ ይቅርታ ጠየቅሁት። “ዋፍሉን ብትበዪልኝ ይበቃኝ ነበር” አለ። ይህ ደብዳቤ እስኪደርስህ ሁለት ቅዳሜ ያልፋል፤ እስከዚያ እግረ መንገዱን ያለፈ መስሎ መሰላሉን ከሥር ሊይዝላቸው ቃል ገብቶልኛል።

አዲስ ዲሽ እልካለሁ ብለሃቸዋል አሉ። ተው፣ አትላክ።

ጆዲን በጣም አድርገህ ሳምልኝ። ቶምን ጉንጩን፣ ሊናን ግንባሯን ሳምልኝ። ኦድላይፍም ሰላም ብሎሃል። አባባ ሰላምታ አልላኩም፤ መጻፌን አያውቁም። በሌላ ቀን ደውልላቸው፣ ምንም ሳይበላሽ።

እህትህ ጉንቮር
ሳንድቪካ፣ ሰሜን ኖርዌይ
እሑድ፣ ኦክቶበር 22 ቀን 2006