የራሔል ፊት

ማክሰኞ

ቶም የፊልማችንን ትሬይለር ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። ሳይጠይቀኝ!

ጠዋት ክፍል ስገባ ሁሉም «እንኳን ደስ አለሽ» ሲሉኝ ነው ያወቅኩት። የመመረቂያ ፊልማችን ነው፤ እኔ ዳይሬክተር፣ ቶም ካሜራማን። እዚህ ለንደን፣ ኤድመንተን፣ መጋዘኖች መሃል አዳራሽ ተከራይቶ እሑድ እሑድ ስለሚሰበሰበው የእማዬ ቤተ ክርስቲያን፣ ስለ መዘምራኑ። ቶም አንድ ቃል አማርኛ አይሰማም። ይህን በአማርኛ የምጽፈውም የኤዲቲንግ ጠረጴዛ ስለምንጋራ ነው።

ትሬይለሩ ያምራል። እማዬ ዓይኗን ጨፍና ትዘምራለች። ከጎኗ ግን አብራት የምትዘምረው ራሔል አለች። ሁለት ሰከንድ ብቻ፣ ፊቷ ቁልጭ ብሎ።

ራሔል ገና ቀረጻ ስንጀምር ነግራኝ ነበር፤ «ድምፄን ውሰጂ፣ ፊቴን ግን እንዳታወጪው።» ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም። ለቶም ነግሬዋለሁ። ዛሬ ስጮህበት «ሁለት ሰከንድ እኮ ነው!» አለኝ።

ከምሳ በፊት አስጠፋሁት። ከሥሩ ግን አንድ አስተያየት ነበር፣ በአማርኛ፣ ፎቶ ከሌለው አካውንት። «ተባረኩ። መዝሙሩ ልብ ያሳርፋል። የት ነው የምትሰበሰቡት?»

ማንም አልመለሰለትም። ደጋግሜ ቼክ አድርጌያለሁ።

ረቡዕ

ፊንስበሪ ፓርክ ሄድኩ። ራሔል እዚያ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። በስልክ ልነግራት አልደፈርኩም።

ደንበኛ እስክትሸኝ ጠበቅኳት። ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። እጇ ላይ የነበረውን ጨርቅ አጠፈችው፣ ዘረጋችው፣ እንደገና አጠፈችው።

«የጻፈውን አሳዪኝ።»

ከመጥፋቱ በፊት ስክሪንሾት አንስቼው ነበር። አነበበችው።

«እሱ ነው።»

«በምን አወቅሽ? ስም እንኳ የለውም።»

«ፍሬው እንዲህ ነው የሚጀምረው። በማመስገን።»

ፍሬው ባሏ የነበረ ሰው ነው። ማንችስተር ይኖሩ ነበር። ሰው ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም አለችኝ፤ ጎረቤቱ ሁሉ «እንዴት ያለ የተባረከ ሰው ነው» ይላል። ቤት ውስጥ ሲቆጣ ግን መጀመሪያ መዝሙር ይከፍታል። ድምፁን እስከ መጨረሻው ይለቀዋል። ከዚያ በሩን ይዘጋል። ልጇን ዮናስን ይዛ ያመለጠችው እሱ ሥራ በሄደበት ነው። ፍርድ ቤት እሷም ልጁም ጋ እንዳይደርስ አግዶታል።

እና ይህች ሴት እየዘመረች ነው ያገኘኋት። መዝሙር እንዴት እንዳልጠላች!

ይቅርታ ስላት «ሥራሽን ቀጥዪ፣ ጎበዝ ነሽ» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ቤታችን፣ አርችዌይ፣ በአውቶቡስ ስመለስ ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው ስልኩ ላይ መዝሙር ከፈተ። ሳይደርስ ወረድኩ።

ሐሙስ

አልተኛሁም። መምህሬ ካረን «ፊቷን አደብዝዢው፣ ካልሆነም ቁረጪው» አለችኝ። ስለ ፊልሙ ነው የምታወራው። እኔ ስለ ፊልሙ አይደለም የምጨነቀው።

የሚያስፈራኝ፦ ትሬይለሩን ማን አወረደው? ለማን ላከው? የአዳራሹ በር ይታያል ወይስ አይታይም? (አይታይም። መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ።)

ከሰዓት በኋላ እማዬ ከሥራ ደወለች። ድምፇ ልክ አልነበረም። አንድ ሰው ዮናስ ትምህርት ቤት ሄዶ «አጎቱ ነኝ፣ እናቱ ልካኝ ነው» ብሎ ልጁን ሊወስድ ሞክሮ ነበር። በጨዋ ደንብ፣ ፈገግ ብሎ። ስሙ ተመዝግቦ ስላላገኙት አልሰጡትም። «ገባኝ፣ ልክ ናችሁ፣ ልጆች እንዲህ ነው መጠበቅ ያለባቸው» ብሎ አመስግኗቸው ሄደ።

አመስግኗቸው!

ራሔል ለፖሊስ ደወለች። ዛሬ እኛ ቤት ያድራሉ። ዮናስ አልጋዬ ላይ ተኝቷል፤ እኔ ወለሉ ላይ እጽፋለሁ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ትሬይለሩ ላይ ትምህርት ቤት የለም። ዮናስም የለም። ታዲያ የት እንደሚማር ማን ነገረው?

ዓርብ

ራሔል ያለችበትን ቀረጻ ሁሉ ልለይ ብዬ ከጠዋት ጀምሮ ኤዲቲንግ ክፍል ተቀመጥኩ። የቀረጽነውን ጥሬ ፊልም በሙሉ፣ ከመጀመሪያው።

ከትሬይለሩ ሦስት እሑድ ቀደም ብሎ ቶም ካሜራውን መኪና ማቆሚያው ላይ ተክሎ ሰው ሲገባ ሲወጣ ቀርጿል። አሰልቺ ነው ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር። ግራጫ ኮት የለበሰ ሰው ይመጣል። ጋሽ ደረጀ በሩ ላይ ይቀበሉታል። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ናቸው፤ እኔን ገና ልጅ ሆኜ ለንደን ስገባ ከኤርፖርት የተቀበሉኝ። ያቅፉታል። ትከሻውን ይመቱታል። ከዚያ ወደ ልጆች ክፍል መስኮት በእጃቸው ያሳዩታል። ሰውየው መስኮቱ ጋ ይጠጋል፤ እጁን ዓይኑ ላይ ጋርዶ ወደ ውስጥ ያያል። ረጅም ጊዜ።

የሰውየውን ፊት ከቪዲዮው ቆርጬ ለራሔል ላክሁላት።

«እሱ ነው» ብላ መለሰች።

ስለዚህ ትሬይለሩ አይደለም! ከዚያ በፊት ያውቅ ነበር። ከላዬ ላይ ድንጋይ የወረደ መሰለኝ፤ እውነቱን ልጻፍ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ የጋሽ ደረጀን እጅ እንደገና አየሁትና ደስታዬ አስጠላኝ።

ቅዳሜ

ከእማዬ ጋር ጋሽ ደረጀ ቤት ሄድን፤ ኤድመንተን፣ ከአዳራሹ ብዙም አይርቅም። ተደስተው ነው የተቀበሉን። ቪዲዮውን ላፕቶፔ ላይ ከፈትኩላቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። አዩት።

«አዎ፣ ወንድም ፍሬው ነው» አሉ። ምንም ሳይደብቁ!

ማንችስተር ለጉባኤ ሄደው ነው የተገናኙት። እግራቸው ሥር ወድቆ አለቀሰ። የራሔልን ፎቶ አሳያቸው፤ አወቋት።

«ትዳር ነው፣ ልጄ። ቤት እንዳይፈርስ ብዬ እኮ ነው። ተጸጽቻለሁ አለኝ።»

«ፍርድ ቤት እንደከለከለው አልነገረዎትም?» አልኩ።

«የመንግሥት ሶሻል ወርከሮች ባህላችን ሳይገባቸው ያደረጉት ነው አለኝ።»

«የዮናስን ትምህርት ቤትስ ማን ነገረው? ሐሙስ ልጁን ሊወስደው ሄዶ ነበር።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ የት ይማራል ብሎ ጠየቀኝ። አባት ነው። ምን ልበለው?»

እማዬ በሕይወቷ እሳቸው ፊት ድምፅ ከፍ አድርጋ አታውቅም። ዛሬም አላደረገችም። «ጋሼ፣ እሷን ጠይቀዋታል?» አለች ብቻ።

አልጠየቋትም። ጭራሽ ነገ ከአምልኮ በኋላ ሁለቱን ሊያገናኙ ቀጠሮ ይዘዋል። ለራሔል ሳይነግሩ። ድንገት ፊት ለፊት!

ይህን እያሉን ስልካቸው ጠራ። ስሙን አይተው «እሱ ነው» አሉ። ድምፁን እንድንሰማው አደረጉት። ለስላሳ ድምፅ ነው፤ የቄስ የሚመስል።

«ጋሼ፣ ነገ እመጣለሁ። ለልጄ ጫማ ገዝቼለታለሁ። ያቺ ካሜራ ይዛ የምትዞረው ልጅ ግን ባትኖር ደስ ይለኛል።»

ጋሽ ደረጀ ወደ እኔ አዩ። «እሺ፣ ወንድሜ» አሉ፤ ዘጉት።

ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሱ።

የራሔልን ጉዳይ ለያዘችው ፖሊስ ደወልን። ቪዲዮውን ላክሁላት። «እንዳትነግሩት፤ እኛ እንጠብቀዋለን» አለች።

እሑድ

ራሔልና ዮናስ ወደ አምልኮው አልሄዱም። ገና በማለዳ ፖሊሶቹ ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷቸው፤ የት እንደሆነ ለእኛም አልነገሩንም።

እኔ ሄድኩ። ካሜራ አልያዝኩም። እጄ ባዶ ሲሆን ምን ላድርገው ጠፋኝ።

ፍሬው የጫማ ካርቶን በብብቱ ይዞ ገባ። መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አብሮ ያጨበጭባል። አብሮ ይዘምራል፣ ያውም ድምፁ ያምራል! ዓይኑ ግን መዘምራኑ ላይ ነው፤ አንድ በአንድ ያያቸዋል። እማዬ አጠገብ ባዶ ቦታ አለ። እዚያ ሲደርስ ማጨብጨቡን አቆመ።

ከዚያ ዞሮ እኔን አየኝ። ተነሥቶ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ።

«አንቺ ነሽ የፊልሟ ልጅ? ጎበዝ። ጥያቄዬን ግን አልመለስሽልኝም።»

«የትኛውን?» አልኩ።

«የት ነው የምትሰበሰቡት ብዬ ጽፌ ነበር።» ፈገግ አለ። «የት እንደሆነማ አውቀው ነበር። እሷ እንድታነበው ነው።» ጎንበስ ብሎ ወደ ጆሮዬ፣ «የት ወሰዳችኋት?»

ሁለት እጄን ጉልበቴ ላይ ጨብጬ ወደ መዘምራኑ አየሁ። ሰው ሁሉ ይዘምራል። ማንም አይሰማንም። ራሔል ስለ መዝሙሩ የነገረችኝ ያኔ ነው የገባኝ።

ጋሽ ደረጀ መጡ። «ወንድም ፍሬው፣ ውጭ እንነጋገር» አሉት። ክንዱን ይዘው ወጡ። በመስኮት አየኋቸው። መኪና ማቆሚያው ላይ ሁለት ሰዎች መታወቂያ አወጡ። አልታገላቸውም። ካርቶኑን ለጋሽ ደረጀ በአክብሮት፣ በሁለት እጁ ሰጣቸው። ወደ መስኮቱ ቀና ብሎ ፈገግ አለልኝ።

ሰኞ

ራሔል ከማላውቀው ቁጥር ደወለች። ደህና ናቸው። ዮናስ መስኮቱ ባሕር ያሳያል ይላል። (ይህን ለማንም አልናገርም።)

ፍሬው እስር ላይ ነው፤ ነገ ፍርድ ቤት ይቀርባል። እዚያው ይቆያል ወይስ ይለቀቃል፣ ማንም እርግጠኛ ሆኖ አልነገረኝም። ፖሊሷን ስጠይቃት «ተስፋ አለን» አለች። ተስፋ!

ለካረን የመዘምራኑን ፊልም እንደማልጨርስ ነገርኳት። ቶም ሙሉ ቀን አላናገረኝም፤ ወደ ማታ ላይ «የራሔል ቀረጻ ያለበትን ድራይቭ ሁሉ አጥፍቻለሁ፣ የፖሊሱ ቅጂ ብቻ ነው የቀረው» አለ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

አሁን ጋሽ ደረጀ ደወሉ። ነገ ሊመሰክሩ ይሄዳሉ። የጉባኤው ሰው ግማሹ «የቤታችንን ጉድ ለፖሊስ ሰጡ» ብሎ ተቀይሟቸዋል።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ያ ፊልም ላይ እኔም አለሁ አይደል? ሳቅፈው።»

«አሉ፣ ጋሼ። ከፈለጉ ፊትዎን ማደብዘዝ ይቻል እንደሆነ ልጠይቅልዎት?»



«አይሆንም» አሉ። «እንዳለሁ ተዪኝ። ዳኛው ማን በሩን እንደከፈተለት ይይ።»