ማንም አልሞተም

ሆሳዕና፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.

ለልጄ ለተረፈ፣

ሰላምታዬን መጨረሻ ላይ ታገኘዋለህ። መጀመሪያ ቁጣዬን ተቀበል።

ደብዳቤህን ወርቅዬ ከሱቋ ድረስ ይዛልኝ መጣች። ማንበብ እንደምችል ሁልጊዜ ስለምትረሳ «ላንብብልሽ?» አለችኝ። ተቀብያት ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር ገብቼ ራሴ አነበብሁት። የአንተን የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ምድጃ ዳር ይዤ ፊደል የቆጠርሁት እንዲህ ያለ ወሬ ላነብበት ኖሯል። ጦር ሰፈሩ ውስጥ ሻምበልህ ዘንድ ሄደህ ስሜን ከማራቶኑ ሰርዙልኝ ልትል ነው። እግሬን አመመኝ ብትል እሺ ባልሁ ነበር፤ እግርህ ደኅና ነው። «አጎቴ የጻፈልኝን አሰብሁበት፤ ደርሶ መግባት ያልተጻፈለት ሰው ሲሮጥ ሕዝብ ፊት መሳቂያ ነው የሚሆነው» ብለሃል። ይህን ቃል አንተ አልወለድከውም። የወልደኪዳን ቃል ነው፤ አውቀዋለሁ።

ወልደኪዳንን የአባትህ ታላቅ ወንድም ነው ብዬ እስከ ዛሬ አንቱ ስለው ኖሬአለሁ። በዚህ ደብዳቤ ግን አልለውም። በአማርኛ መቆጣት ደግሞ አልለመድሁም፤ በቤታችን ቋንቋ መጻፍ ቢቻል ኖሮ ወረቀቱ ይቃጠል ነበር።

በሰኔ ስትመጣ ምን ሆነህ እንደመጣህ ረሳኸው? ሻምበልህ ክረምቱን እናትህ ዘንድ ከርመህ ወይ ሯጭ ሆነህ ወይ ተራ ዘበኛ ሆነህ ተመለስ ብሎ የሰደደህ ጊዜ ነው። ቀን ቀን ቤት ተዘግቶ መቀመጥ፣ ሰው ሲመጣ በጓሮ መውጣት። ምን እንደነካህ ስጠይቅህ ከስንት ጊዜ በኋላ ነገርኸኝ። አምና ያን ሁሉ መንገድ ሮጠህ፣ ከፊትህ ያለው ሰው ጥቂት ሆኖ፣ ስታዲየሙ በር ላይ ስትደርስ የሕዝቡን ጩኸት ሰማህ፤ እግርህም ታሰረ። ቆምህ። «እማ፣ የቤታችን ጩኸት መሰለኝ» አልኸኝ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅሁህም። የትኛው ጩኸት እንደሆነ ጠፍቶኝ አይደለም።

አባትህ የታመመ ቀን ነው። ድሬሰሩን፣ ያን መርፌ የሚወጋውን፣ ልታመጣ ጃጁራ ሄደህ፣ ይዘኸው ስትመለስ ከዝግባው መታጠፊያ ላይ ለቅሶውን ሰማህ። ወልደኪዳንም ለቀስተኛው በተሰበሰበበት «የገበያ ቀን ነውና ልጁ የዘገየው ገበያ ሲያይ ቆይቶ ነው» አለ። አንተ ደረትህ እንደ ወናፍ ከፍ ዝቅ እያለ በሩ ላይ ቆመህ ነበር። እኔ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ ዝም አልሁ።

እንግዲህ ክረምቱን ላስታውስህ።

መጀመሪያ ቀን ገፋፍቼ ያስወጣሁህ እኔ ነኝ። በእኛ አገር ዱላ ሳይዝ፣ ከብት ሳይነዳ፣ ብቻውን በመንገድ የሚሮጥ ጎልማሳ ምን ማለት እንደሆነ አላሰብሁትም። መርዶ ነጋሪ ነው። እልፍነሽ ከደጇ ሆና ስታይህ፣ ልጇ ኦጋዴን ወታደር ነውና፣ እሱ ሞቶ መስሏት መሬት ላይ ወደቀች። ጎረቤቱ ወጣ፤ ከማዶም ለቅሶውን ተቀበሉ። አንተ ከወንዙ ተመልሰህ በዚያው ስታልፍ፣ በደኅና ልጅ ላይ ሰዉ ለቅሶ ተቀምጦ አገኘኸው። እልፍነሽ ፊቷን ቧጥጣ ነበር። ቤት ገብተህ ጫማህን አውልቀህ ወረወርኸው። «እኔ ስሮጥ ሰው ይሞታል» አልኸኝ። ሁለተኛ እንደማትሮጥም ማልህ።

በማግስቱ የሄድሁበትን አላየህም። እልፍነሽ ደጅ ሄጄ እግሯ ላይ ወደቅሁ። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ገበያ፣ ከዚያ ጋሪዎች የሚቆሙበት። ሰው መሐል መናገር የማልወድ ሴት፣ ቅቤ ሻጮች ፊት ቆሜ «ልጄ ሲሮጥ ብታዩ ማንም አልሞተም» አልሁ። ባለጋሪው ብሩ «ታዲያ በደኅና ቀን እንዲህ የሚሮጠው ምን ሰርቆ ነው?» አለ። ሳቁብኝ። ይሳቁ አልሁ፤ ከለቅሶው ይሻላል።

አንተም ወጣህ። መጀመሪያ አጥር አጥሩን፣ አንገትህን ቀብረህ ነበር የምትሮጠው። የገበያ ሴቶች «ተረፈ፣ ማን ሞተ?» ሲሉህ ለራስህ በማይሰማ ድምፅ «ማንም» ትል ነበር። ወርቅዬ ነች የነገረችኝ። ሐምሌ ሲያልቅ ግን ከወንዙ ወዲያ ማዶ ሆነህ «ማንም!» ስትል እዚህ እንሰት ስፍቅ ይሰማኝ ነበር። ብሩ ባዶ ጋሪውን ይዞ አቀበቱን ሊቀድምህ ሞክሮ ፈረሱ እምቢ ያለው ዕለት፣ ራሱ መጥቶ አማርሮ ነገረኝ። «ምንድን ነው የምታበዪው?» አለኝ። ቡላ በቅቤና በወተት ነው ስለው «እንደ አራስ! ለፈረሴም ሥሪልኝ» አለ። ጃጁራ ደርሰህ ስትመለስ፣ ጭቃው እስከ ወገብህ ወጥቶ፣ ሳትጠየቅ የሮጥኸውን መንገድ ከአቀበት እስከ ቁልቁለት ስትተርክልኝ፣ የሞተው ልጄ ተመለሰ ብዬ ነበር። ትከሻህ ተመልሶ ነበር። ሳቅህም።

አንድ ነገር ግን አስተውል ነበር፤ አልነገርሁህም። የትም ሮጠህ ስትመጣ ዝግባው ጋ ስትደርስ ትቆማለህ። ከዝግባው እስከ ቤታችን በእግርህ ነው የምትመጣው። ደክሞህ አልነበረም፤ ስትገባ ትንፋሽህ ደኅና ነበር።

ለዚህ ነው መሄጃህ ሲደርስ፣ ያን ረጅሙን ሩጫ የሮጥህ ቀን፣ በር ላይ የጠበቅሁህ። ከዝግባው ብቅ ስትል፣ እግርህ ሊላላ ሲል፣ እልል አልሁ። አባትህ ከሞተ እልል ብዬ አላውቅም። ጉሮሮዬ ዝጎ መጀመሪያ እንደ ዶሮ ነበር የጮኸው። ከዚያ ከፍ አለ። ጎረቤት ወጣ። «ባሏ የሞተባት ሴት ምን ነካት?» ሲሉ ሰማሁ። አንተ ግን አልቆምህም። እየሮጥህ መጥተህ የበሩን መቃን በትከሻህ መታኸው፤ መቃኑ እስካሁን ይነቃነቃል፤ አላሠራሁትም፤ አላሠራውምም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ክረምት በአንድ የወልደኪዳን ደብዳቤ ይታጠባል? ትተህ ወደ አገርህ ግባ እያለ የሚጠራህ አዝኖልህ አይምሰልህ። የሱ ልጆች ሁሉ ደጁ ናቸው፤ ርቆ የሄደ አንተ ብቻ ነህ። ከሄዱበት ያልደረሱ ሰዎች፣ ሌላውም ባይደርስ ደስ ይላቸዋል።

ባለፈው እሑድ ከጸሎት ስንወጣ፣ ሽማግሌዎቹ ዛፉ ሥር በተቀመጡበት፣ ወልደኪዳን ተረፈ ሩጫውን ሊተው ነው ብሎ ደስ ብሎት አወራ። አንተ ለእኔ ሳትጽፍ ለሱ ጽፈህለት ኖሯል። «የተረፈ እግር መነሳት እንጂ መድረስ አያውቅም» አለ። «አባቱንም ያሳጣን ይኸው እግር ነው።» ጥቂቶች ሳቁ። ሴቶቹ ራቅ ብለን ነበር የቆምነው። እግሬ እንዴት አድርጎ እንደወሰደኝ አላውቅም፣ መሐላቸው ሆኜ ራሴን አገኘሁት።

«ልጁ አልዘገየም» አልሁ።

ወልደኪዳን ተቀመጪ እንደማለት እጁን አወዛወዘ። «ይህ የቆየ ነገር ነው፤ አሁን ምን አስነሳሽ?»

«የልጄ ሩጫ ትቶ መቀመጥ ነው ያስነሣኝ። አባቱ ልጁን ላኪው ያለኝ ጎህ ሲቀድ ነው። የላክሁት ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ነው። ልጁ ጃጁራ ገበያ አልቆመም። ድሬሰሩ በበቅሎ ነበር፣ እሱ በእግሩ፤ እኩል ነው የገቡት። እኔ በሩ ላይ ሆኜ አይቻለሁ።»

ከዚህ ሌላ አልተናገርሁም። ከንጋት እስከ ቀትር ያቆየኝን እግዚአብሔር ያውቀዋል።

ከዚያ ወዲህ ውኃ ስወርድ ሴቶች ወሬ ያቆማሉ። ያቁሙ። እልፍነሽ ብቻ ትናንት ወተት ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ምንም ሳትለኝ አመሸች። ስለዚያ ቀን አንተም ምንም አትጻፍልኝ። መልካምም ክፉም አልፈልግም። መልስ የምፈልገው ስለ ሩጫው ብቻ ነው።

ሻምበልህን ገና ካልነገርኸው ዝም በል። ከነገርኸው ደግሞ ሄደህ እናቴ እምቢ አለች በለው፤ ወታደር ይህን ማለት ያፍራል፣ አንተ ግን በለው። አንደኛ ሁን አላልሁህም። ኋላ ቀርተህ ሰው ሁሉ ተበትኖ ብትገባም ግድ የለኝም። በሩን አልፈህ ግባ። በሩጫው ቀን ብሩ በጋሪው ወርቅዬ ሱቅ ያደርሰኛል፤ ራዲዮኑ አጠገብ እቀመጣለሁ። ስምህን ባይጠሩትም እስኪዘጋ እሰማለሁ።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበል። የአባትህ አምላክ ጉልበትህን ያጽና። የረገጥኸው መሬት አይክዳህ፤ የጠጣኸው ውኃ ጉልበት ይሁንህ። ያጎደልሁብህን እሱ ይሙላልህ። እልፍነሽ፣ ወርቅዬ፣ ብሩም ሰላም ብለውሃል፤ ብሩ ፈረሱም ሰላም ይበልህ ብሏል።

ስታዲየሙ በር ላይ ስትደርስ ሕዝቡ ይጮኻል፤ መጮኹ አይቀርም። ያን ጊዜ ማንም አልሞተም። እልል እያልሁ ነው፤ ግባ።

እናትህ ትርፊት