ያልተዘጋው ቧንቧ

ለእህት ዓለሜ፣

እንዴት ከርመሻል? ወገብሽስ እንዴት ነው? ያ ክፉ ሳል ለቀቀሽ ወይስ እንደኔ ባል ሳል ሰው ሲያይ ነው የሚብስብሽ? እኛ ልጅሽ ጭምቷም፣ እማዬም፣ እኔም፣ ባለቤቴም ደህና ነን፤ ካንቺ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም።

«ልጄን ወደኔ ልውሰዳት፤ ግን ለሥራ ስወጣ ግማሽ ቀን ብቻዋን መዋል ትችላለች? እውነቱን ንገሪኝ» ብለሽ ነበር። የዘገየሁት ስንፍና ይዞኝ አይደለም፤ መልሱን ራሴም ስላላወቅሁት ነው። ልየው ብዬ ዕቃ ማጠብ ከማስተማር ጀመርኩ።

እንደ ጭምቷ ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች የምታስተምረው መምህርቷ «ወሬ አታብዢባት፤ በዓይኗ ያየችውን ነው የምትይዘው» አለችኝ። እኔ ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ አፌ አያርፍም። «ኩባያዎቹን እጠቢ» ብላት ንጹሖቹን ሁሉ ከመደርደሪያ አውርዳ አጠበቻቸው፤ የቆሸሹት ሳህኖች እንደተከመሩ ቀሩ። ምን አጠፋች? ያልኳትን ነው ያደረገችው! ከዚያ ሥራውን ደረጃ በደረጃ በስልኬ አንስቼ፣ ፎቶዎቹን አሳጥቤ ከማጠቢያው በላይ በተርታ ለጠፍኩ፤ ሳሙና፣ ማሸት፣ ማለቅለቅ፣ መድፋት። ባለቤቴ «ቤቴን ፎቶ ቤት አደረግሽው እኮ!» እያለ ሳቀብኝ።

በሳምንቱ እጇ ቀለጠፈ። እያንዳንዱን ኩባያ ወደ መስኮቱ አንስታ ብርሃን ታሳየዋለች፤ ምን እንደምታይበት እንጃ፣ እኔም ሰርቄ ሞክሬዋለሁ። ግን ጨርሳ ስትሄድ ቧንቧውን ክፍቱን ትተዋለች። ዝጊ ስላት ትዘጋለች፤ በማግስቱ ያው። አንድ ቀን ጮኽኩባት። ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፈነች፤ ለሁለት ቀን ማጠቢያው ጋ ድርሽ አላለችም። «በቃ፣ ብቻዋን አትሆንም» ብዬ ልጽፍልሽ ብዕሬን አንስቼ ነበር።

ነገሩ ግን ከነከነኝ። ስፖንጁን እንኳ በቦታው የምትመልስ ልጅ ቧንቧው ላይ ምን ነካት? እሷ የምትቆምበት ቆሜ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየሁ። መጨረሻው ላይ ኩባያው ተደፍቷል፤ ከኋላው ውሃው ቧ ብሎ ይወርዳል! ሳልዘጋ ያነሳሁት እኔው! የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ።

የተዘጋ ቧንቧ ፎቶ ጨመርኩና አፌን ዘግቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ኩባያውን ደፋች፣ ቀና ብላ አየች፣ ቧንቧውን ጠመዘዘች። ከዚያ ጣቷን ከሥሩ አድርጋ የመጨረሻዋን ጠብታ ጠበቀች። ልቤ ቅቤ ጠጣ! አሁንማ ባለቤቴ ጺሙን ሲላጭ ከኋላው መጥታ እየዘጋችበት «ፊቴን በሳሙና አስቀረችኝ!» እያለ ይጮሃል።

መልሴ ይኸው፦ ገና ነው፣ ምድጃና በር አልነካንም፤ ግን ትችላለች። ያንቺ ቧንቧ የሚጠመዘዝ ነው ወይስ ወደ ላይ የሚነሳ? ስፖንጅሽስ ምን ቀለም ነው? ማጠቢያሽን፣ መደርደሪያሽን፣ የበርሽን ቁልፍ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። እዚሁ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌ አለማምዳታለሁ፤ ስትመጣ ቤትሽን ታውቀዋለች። ግድግዳዬ ባዶውን ሲቀር እኔ ምን እንደምሆን ግን አትጠይቂኝ።

እማዬ «ልጅቷን አታጣድፉብኝ» ብላ ትስምሻለች። ባለቤቴ ከነሳሙናው ሰላም ብሎሻል። ጭምቷን «ለእናትሽ ሰላም በያት» ብላት ደብዳቤውን ወደ መስኮቱ አንስታ አየችው፤ ከታች በውሃ የተጨማደደችው ቦታ የሷ እርጥብ ጣት ያረፈባት ናት።

ከማጠቢያው አጠገብ፣ እሑድ ጠዋት፣ ኅዳር ፲፪
እህትሽ