ከውስጥ የሚወጣውን ነጭ ሽፋን ያገኙት የዶክተር ሂሮኤ ኪሃራ የሕይወት ታሪክ

ዶክተር ሂሮኤ ኪሃራ ከአባታቸው ከአቶ ሴይጂ ኪሃራና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፉሚ ናጋፉቺ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1962 በሳጋ ግዛት በአሪታ ከተማ ተወለዱ። ቤተሰቡ ስኒና ሳህን ሠርቶ አዳሪ ነበር። ሕፃኗ ሂሮኤ የተሰበረውን ሳህን እያነሡ ስባሪውን ሲመረምሩ ስለሚውሉ፣ አባታቸው «ይቺ ልጅ ዕቃ የምትወደው ከተሰበረ በኋላ ነው» እያሉ ይስቁባቸው ነበር።

ትምህርታቸውን እስከ ሁለተኛ ደረጃ በአሪታ ተከታትለው፣ በ1980 ወደ ፉኩኦካ በመሄድ በኬሚስትሪ እስከ ዶክትሬት ተማሩ። በ1989 ጋዝን ሳያነድ በከፍተኛ ሙቀት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ የነዳጅ ሴል በሚሠራ ድርጅት ተቀጠሩ።

በ1999 ሴሉ በየመኖሪያ ቤቱ ሊተከል ጥቂት ሲቀረው ገጹ ስስ ነጭ ሽፋን እያወጣ፣ ጉልበቱ እየደከመ አስቸገረ። ሁሉም ጥፋቱን ከውጭ በሚገባው አየር ላይ አላከከ። ሂሮኤ ግን ንጹሕ አየር ብቻ በሚገባበት ምድጃ ሞክረው፣ አየር በሚገባበት በኩል ያለው የሴሉ ገጽ ያንኑ ስስ ነጭ ሽፋን ሲያወጣ አዩ። በራሱ በቁሱ ውስጥ ያለው ስትሮንቲየም የተባለ ንጥረ ነገር ወደ ላይ እየወጣ የኦክስጅኑን መንገድ ይዘጋ ነበር። ይህንንም የሽፋኑን ፎቶ እያሳዩ በአለቆች ፊት ቆመው ተናገሩ።

የሴሉ ሠሪ አቶ ያሱታካ ቶኩናጋ እጅግ ተቆጡ። «ስንት ዓመት የለፋሁበትን በአንድ ፎቶ ገደልሽው!» አሏቸው።

«እኔ አልገደልኩትም፤ ሲሞት አየሁት እንጂ» ብለው መለሱላቸው።

አቶ ያሱታካ በሩን በኃይል ዘግተው ወጡ። ሆኖም ናሙናውን በዓይናቸው ካዩ በኋላ ተከላው እንዲቆም የጠየቁት ራሳቸው ነበሩ፤ በዚህም የክፍል ኃላፊነታቸውን አጡ። ከሳምንታት በኋላ አንድ ከረጢት መንደሪን ይዘው ወደ ሂሮኤ ክፍል መጡና «አሟሟቱን ያየሽው አንቺ ነሽ፤ እንግዲህ የሚኖርበትንም መላ አብረሽኝ ፈልጊ» አሉ።

ሁለቱ በ2001 ተጋቡ፤ በ2003 ልጃቸውን ቺዙሩን ወለዱ። ሂሮኤ ሩዝ ማሳረር ልማዳቸው ነበር፤ ያረረውን ገልብጠው መመርመር ሲጀምሩ ባለቤታቸው «ኧረ ሴትዮ፣ ይኼን እንኳ ዝም ብለን እንብላው!» ይሉ ነበር። የቁሱን ቅመም በመለወጥና ስስ መከላከያ በመቀባት ከብዙ ድካም በኋላ ሽፋኑን ማዘግየት ቻሉ። ሴሉም በ2011 ወደ ሰው ቤት ገባ። «አዳንሽው» ለሚሏቸው ሁሉ «አዘገየሁት እንጂ መች አስቀረሁት» ይሉ ነበር።

በ2022 የቆሽት ካንሰር ታመሙ። ባለፈው ክረምት በሕመም አልጋ ላይ ሳሉ፣ በአንዲት አሮጊት ቤት ከአሥር ዓመት በላይ አገልግሎ የተነቀለ የአንድ ሴል ፎቶ መጣላቸው። ነጩ ሽፋን ነበረበት። አቶ ያሱታካ «እንግዲህ አሸነፈን ማለት ነው?» ሲሏቸው፣ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅርበው ብዙ ካዩ በኋላ ፈገግ አሉ።

«አይደለም ያሱ። ሠርቶ ሠርቶ ነው የደከመው።»

ዶክተር ሂሮኤ እ.ኤ.አ. ኅዳር 9 ቀን 2024 በተወለዱ በ62 ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጃቸው እጃቸውን እንደያዙ ዐረፉ። ለደከመው ሥጋቸው ዕረፍትን፣ ለነፍሳቸው ብርሃንን፣ ለአቶ ያሱታካና ለቺዙሩም መጽናናትን እንመኛለን።